የቅቤው ደብተር

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የወላይታ ታሪክ ነው፤ የምጀምረው ግን ከማጀት ነው።

የቤተ መንግሥቱንማ ሌሎች ጽፈውታል። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወደ ወላይታ ሲዘምት የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና እንዴት እንደተዋጉ፣ ቆስለው እንዴት እንደተማረኩ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው ከትበውታል። ከዘማቹ ጋር የመጣ ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊም ያየውን በማስታወሻ ይዞ ሄዶ፣ አገሩ ሲገባ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። የዚያን ጦርነት ወሬ የፈለገ መጽሐፍ ገልጦ ያነባል። በዚያው ሰሞን ከዳሞታ ተራራ ሥር የነበረች እናትስ? ልጆቿን ወዴት አሸሸች? እንሰቷን ማን ፋቀላት? ሲመሽ እሳት አነደደች ወይስ ጭሱ እንዳያጋልጣት ፈርታ በጨለማ አደረች? የጻፈ የለም። እሷም አልጻፈችም፤ ፊደል ማን አስቆጥሯት! ፊደሉን ብትቆጥርስ? ልጅ በጀርባ ታዝሎ፣ እጅ በቆጮ ተነክሮ፣ መቼ ይጻፋል?

«መቼ ይጻፋል» የሚለው ጥያቄ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ነው። ሶዶ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ሶዶን ለማታውቋት፣ ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ፣ ዳሞታ ግርጌ የምታገኟት ከተማ ናት። ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው፣ ከሻሸመኔ የሚመጣው፣ ወደ ዳውሮ የሚሻገረው መንገድ ሁሉ እዚህ ይገናኛል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆነችና ሰውም ባጃጅም በዛባት። እኔ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ምድጃ እለኩሳለሁ፤ ልጆች አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ እሸኛለሁ፤ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት ገበያ ነው፤ ማታ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። ከዚያ የሚተርፈኝ ሰዓት የእንቅልፍ ነው። ይህን ቀን ከጎረቤቶቼ ቀን የሚለየው ነገር የለም፤ ከብዙዎቹም ይቀልላል።

መጻፍ ግን እወዳለሁ። ለመታተም አይደለም። ትንሹ ልጄ ዛሬ ምን እንዳለ፣ ዝናቡ ከዳሞታ ጀርባ እንዴት እንደመጣ፣ አማቴ በምን እንደተቆጡ፣ ይህን ነው የምጽፈው። በአገራችን ልማድ ደግሞ ጽሑፍ ወደ ውጭ የሚሄድ ነገር ነው። በየከተማው ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ባለጉዳይ አቤቱታውን ይነግራቸዋል፣ እነሱ «ለክቡር ፍርድ ቤት» ብለው ይጀምሩለታል። ወላጅ ብዕር የሚያነሣው ለመሥሪያ ቤት፣ ለእድር፣ ለልጁ ትምህርት ቤት ነው። ለራሱ ሲጽፍ ካዩት «ምን ጎደለህ?» ይሉታል።

እኔን ከዚህ ያወጡኝ አማቴ ናቸው። እንግዲህ ወደ እሳቸው እንሂድ፤ የትረካዬ እምብርት እዚያ ነውና።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ትምህርቱ የተሰጠው በአምስት ቋንቋ ነበር፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በወላይትኛ። ልብ በሉልኝ፣ ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ ነበር። ኋላ ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ኢትዮጵያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ለመሠረተ ትምህርት የሚሰጠውን ሽልማት ያገኘችው በዚህ ሥራ ነው። ዘመቻው ገጠር ሲደርስ አማቴ ከሶዶ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አዲስ ሙሽራ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ታቅፈው ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ነው፤ አስተማሪው ጢሙ ገና ያላቆጠቆጠ ተማሪ። «እኔ ሀ ሁ ስል ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ሳጠባት እጄ ይያዛል፤ ስትተኛ ጠመኔው ያልቃል» ይሉኛል። እንዲያም ሆኖ ጨረሱ። ስማቸውን ጻፉ፤ የባላቸውን ስም ጻፉ፤ ደብዳቤ አነበቡ።

አብረዋቸው ፊደል የቆጠሩት ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ ረሱት። በወላይትኛ ተጽፎ እገጠር የሚደርስ የሚነበብ ነገር ጥቂት ነበር፤ የሚጻፍበት ጉዳይም አልነበረም። አማቴ አልረሱም። ለምን? የቅቤው ዕቁብ ነዋ!

ይህንን ለሌላ አገር ሰው ላስረዳ። ወላይታ ዓመቱን የሚለውጠው በመስከረም፣ በጊፋታ ነው። «ዮዮ ጊፋታ!» ተባብሎ፣ የተጣላ ታርቆ፣ ሥጋው ተቆርጦ፣ ሙቹዋና ባጪራ የሚባሉት ምግቦች ቀርበው የሚገባበት በዓል ነው። ለዚያ ቀን ወንዶቹ ለሰንጋው ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹ ለቅቤው። ቅቤ የሌለው ጊፋታ ጊፋታ አይባልም። ከአማቴ ዕቁብ ውስጥ መጻፍ የምትችለው እሳቸው ብቻ ሆኑና ሴቶቹ ጸሐፊ አደረጓቸው። በየሳምንቱ ማን ከፈለች፣ ማን ቀረች፣ ማን ያለፈውን ጨምራ ሰጠች፤ ደብተር ገዝተው መዘገቡ። ባዝሉም፣ ቢታመሙም፣ እንሰት ሲፍቁ ቢውሉም፣ በዕቁቡ ቀን ደብተሩ ይከፈታል፤ አለዚያ ሴቶቹ ይጣላሉ።

ደብተሩን ያየሁት ከተጋባን በኋላ ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ጫፉ በቅቤ ወዝቶ። የገንዘቡን ዝርዝር አልፌ ኅዳጉን ሳነብ ደነገጥኩ። ከሂሳቡ ጎን ጎን ሌላ ጽሑፍ አለ። በአንዱ ሳምንት ዝናብ መቅረቱን፣ በሌላው ላሟ ወንድ ጥጃ መውለዷን፣ በሌላው አንዷ አባል ያልመጣችው ባሏ ወደ ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ስለሄደ መሆኑን ጽፈዋል። ማንም አላዘዛቸውም። «ለምን ጻፉት?» ብላቸው፣ «ለምን እንዳልከፈለች እንዳንረሳ ነው፤ ኋላ ክፉ ሰው እንዳትባል» አሉኝ። የሰው ስም እንዳይጎድፍ የተጻፈ ማስታወሻ ነው እንግዲህ።

ከዚያ 1977 ዓ.ም. ይመጣል። ድርቁ የወሎና የትግራይ ብቻ እየመሰለው ያደገ ሰው ብዙ ነው፤ ወላይታንም አንኮታኩቶታል። በደብተሩ ላይ መጀመሪያ የሚከፍሉት ስሞች ይመነምናሉ። በአንድ ገጽ ላይ የከፈለ ማንም የለም፤ ስሞቹ ብቻ እንደ ወትሮው በተራ ተጽፈዋል። በሚቀጥለው ዕቁቡ መቆሙን ጽፈዋል። መጻፉ ግን አልቆመም። ከቀኑ ሥር ቤት ውስጥ የተበላውን ይጽፋሉ፤ ገና ያልደረሰ እንሰት ተነቅሎ መፋቁን፣ ጎደሬው ማለቁን፣ እርዳታ መጣ ተብሎ ሶዶ ድረስ መኬዱን። አንድ ቦታ የሁለት ሕፃናት ስም አለ። ከስማቸው ቀጥሎ ቀን ብቻ ነው ያለው። አማቴ ያንን ገጽ ሳነብ ዓይናቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ስለዚያ ዘመን የተጻፈ ብዙ ነው፤ የመንግሥት ሪፖርት፣ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት፣ የጋዜጠኛ ዘገባ። ከወላይታ አንዲት እናት በራሷ ቋንቋ፣ በራሷ እጅ፣ በዚያው ሳምንት የጻፈችውን ግን እኔ ያየሁት በቅቤ ሂሳብ ኅዳግ ላይ ብቻ ነው። ታላላቆቻችን ጽፈዋል፤ አከብራቸዋለሁ። ደጃዝማች ከበደ ተሰማ «የታሪክ ማስታወሻ»ን በ1962 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት «ኦቶባዮግራፊ» ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ለንባብ በቃ። ስንዱ ገብሩ በጣሊያን ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው፣ ተማርከው በአዚናራ ደሴት ታስረው፣ ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሲመሩ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አወጡ፤ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ብዙዎቹ ትዝታ ጸሐፊዎቻችን ግን የጻፉት ሥራው ካለፈ፣ ልጆቹ ካደጉ በኋላ፣ መለስ ብለው እያስታወሱ ነው፤ የሚያስታውሱትም ጦርነቱን፣ ሹመቱንና ስደቱን ነው። የትናንቱ የእራት ገበታ ሃያ ዓመት አይጠብቅም። የሚያዝ ከሆነ በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግሥቱ ነው፤ ያንን ማድረግ የሚችለው ደግሞ እዚያው ገበታ ላይ ያለ ሰው ነው። ያ ሰው ሥራ የበዛበት ወላጅ ነው። ለዚህ ነው ጊዜ እስካገኝ ልጠብቅ የሚል እናትና አባት ስሰማ የማዝነው።

የውጭ አገር ምስክር ካስፈለገ ብራዚላዊቷን ካሮሊና ማሪያ ዴ ጄሱስን ልጥራ። በ1914 እ.ኤ.አ. የተወለደች፣ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ብቻ የተቀመጠች፣ በሳኦ ፓውሎ ከተማ ካኒንዴ በሚባል የቆርቆሮና የጣውላ ሠፈር ሦስት ልጆች ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት። ኑሮዋ ከቆሻሻ ወረቀት እየለቀሙ መሸጥ ነበር። ከለቀመችው መካከል ባዶ ገጽ የቀረው ደብተር ስታገኝ አትሸጠውም፤ ትጽፍበታለች። ውኃ ለመቅዳት መሰለፏን፣ የዳቦውን ዋጋ፣ ልጆቿ ምን በልተው እንዳደሩ፣ ረኃብ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ሳይቀር ጽፋለች። በ1958 እ.ኤ.አ. አውዳሊዮ ዳንታስ የሚባል ጋዜጠኛ ለሌላ ዘገባ ሠፈሩ ሲገባ ደብተሮቹን አየ፤ በ1960 መጽሐፍ ሆነው ወጡ፤ የመጀመሪያው እትም በቀናት ውስጥ አለቀ፤ ከአሥር በሚበልጡ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር የሚገርማቸው ዝነኛ መሆኗ ነው። እኔን የሚገርመኝ ያ ጋዜጠኛ ሳይመጣ በፊት ለዓመታት መጻፏ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከአማቴ ደብተር የወሰድኩት ትምህርት አንድ ነው፤ ጽሑፉን ከማይቀር ሥራ ጋር ማሰር። «ማታ ልጆች ሲተኙ» የሚለውን ተውኩት፤ ልጆች ሲተኙ እኔም እተኛለሁ፤ መብራት የጠፋ ለታማ ከእነሱ ቀድሜ ነው። በሌሊት ግን አንድ የማይቀር ሥራ አለ፤ የቡና ቅጠሉ። ሃይታ ቱኬ እንለዋለን። ቅጠሉ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከጤና አዳም፣ ከሚጥሚጣ ጋር ተወቅጦ፣ ጨው ተደርጎበት ይፈላል። ተወቅጦ እሳት ላይ ከተጣደ በኋላ እስኪበስል እጅ ይፈታል። ያ የኔ ሰዓት ነው። ደብተሩ ከጨው ዕቃው አጠገብ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ መኝታ ቤት ካስቀመጥኩት አላነሣውም። ቀኑን እጽፋለሁ፤ አየሩን እጽፋለሁ፤ ትናንት ገበያ የአንድ ነገር ዋጋ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ከልጆቹ አንዱ ያለውን ወይም ያደረገውን። ሲፈላ እተዋለሁ። ዐረፍተ ነገሩ ባያልቅም እተዋለሁ፤ ነገ ከዚያው መቀጠል ከባዶ ገጽ ከመጀመር ይቀላልና።

ዋጋ መጻፉ ለማንም ይመከራል። የጤፍ ኪሎ፣ የቅቤ ኪሎ፣ የባጃጅ ታሪፍ፤ ስሜት ባይመጣ እንኳ ቁጥር ይመጣል፤ ቁጥሩ ደግሞ ስሜቱን ይጎትተዋል። የቅቤ ዋጋ ልጽፍ ተቀምጬ ስለ ባለቤቴና ስለ እኔ የትናንት ማታ ዝምታ ጽፌ የተነሣሁበት ሌሊት አለ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «የቤታችንን ገመና ነው የምትጽፊው?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንድ ቤት ተካፍሎ በሚኖር ቤተሰብ የአንዱ ደብተር የሁሉም ነው። ተስማማን፤ ቁጣዬን እጽፋለሁ፣ ግን ልጆቻችን አድገው እንደሚያነቡት አድርጌ። ከዚያ ወዲህ ትንሹ በዚያ ሰዓት ከነቃ አቅፎ ወደ ደጅ የሚያወጣው እሱ ነው። ያለዚህ እርዳታ ነገሩ አይሆንም፤ እናት ጻፈች ሲባል ልጁን ማን ያዘው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ትልቋ ልጄ አንድ ቀን አጠገቤ ቆማ፣ «እማዬ፣ የቤት ሥራ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «ታዲያ ማን ነው የሚያርምልሽ?» «ማንም አያርምላትም» አላት አባቷ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷም ከደብተሬ ጀርባ መጻፍ ጀመረች።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር ገባሁ፤ ታገሡኝ። እሷ የምትጽፈው በወላይትኛ ነው፤ በላቲን ፊደል። አማቴ የጻፉት በወላይትኛ ነው፤ በግዕዝ ፊደል። እኔ የምጽፈው በአማርኛ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ወላይትኛ በላቲን ፊደል የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ንግግር አዳብሎ «ወጋጎዳ» የተባለ መማሪያ መጽሐፍ መጣ። ሶዶ ተነሣች። አስተማሪዎች ተቃወሙ፣ ተማሪዎች ወጡ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጽሐፉ ቀረ፤ በዓመቱም ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በልጅ ደብተር ላይ ስለሚጻፍ ቋንቋ ደም የፈሰሰበት ከተማ ውስጥ እየኖርኩ፣ ልጄ በቋንቋዋ ለራሷ ስትጽፍ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እጽፈዋለሁ።

ልጄ የአያቷን አሮጌ ደብተር የከፈተች ለታ ነገሩን አየሁት። ፊደሉን ስታይ አማርኛ መሰላት። ፊደል ፊደሉን እየጠራች ጀመረች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ቀና ብላ «ይኼ እኮ ወላይትኛ ነው!» ብላ ጮኸች። በላቲኑ አናባቢው ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል፤ በአያቷ አጻጻፍ የሚረዝመውና የሚያጥረው አይለይም። ስለዚህ ትስታለች፤ አያቷ ያርሟታል። እሳቸው በተራቸው የእሷን ማንበብ አይችሉም፤ «በይ አንብቢልኝ» ይሏታል፤ ስታነብ ደግሞ ይዘቱን ያርማሉ።

በዚህ መሐል ነው የእንሰቱ ሥራ የተጀመረው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በወላይታ ገበሬዎች ጓሮ 67 የእንሰት ዓይነት በስሙ መዝግቧል። አረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም እንሰት ላይ ይሠራል። ዕውቀቱ ግን ያለው በሴቶቹ አእምሮ ነው። የትኛው ቶሎ ይደርሳል፣ የትኛው አሚቾው ይጣፍጣል፣ የትኛው ወንዴ የትኛው ሴቴ ይባላል፣ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ሲመጣ የትኛው ይቋቋማል። ማዚያ የሚባለው በሽታውን እንደሚችል ተመራማሪዎቹም ይናገራሉ፤ አማቴ ከእነሱ በፊት ያውቁታል። የከተማ ልጆቼ ግን ከጓሯችን ሁለት እንሰት በቀር አያውቁም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አያት ቆጮ ሲከታትፉ ልጅቷ ደብተር ይዛ አጠገባቸው ትቀመጣለች። አንድ ስም፣ ያ እንሰት ከየት እንደመጣ፣ የማን እናት እንደተከለችው። አንዳንዱ ስም የሚያወጣው ታሪክ የገጹን ግማሽ ይፈጃል፤ አማቴ ሲያገቡ ከእናታቸው ጓሮ ነቅለው ያመጡት ሃላ የሚባል እንሰት የአንድ ቅዳሜ ሙሉ ሥራ ሆኗል።

ባለፈው ቅዳሜ ከማዚያ ጀምረው ብዙ ሄደው ነበር። ድንገት አማቴ እጃቸውን በመቀነታቸው ጠርገው፣ «ይኼን ሁሉ እንሰት ጻፍሽ፤ ጊፋታ እየመጣ አይደል? የዘንድሮውን ቅቤ ማን ይጽፋል? የኔ ዓይን ደክሟል» አሏት።

ልጄ አዲስ ገጽ ገልጣ ቀኑን ጻፈች። «ከማን ስም ልጀምር፣ አያቴ?»

«ከጎረቤታችን። ያለፈውን ሳምንት አልከፈለችም፤ ልጇ ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶባት ነው። እሱንም ጻፊው።»